በቃለ ጉባኤ ያልተያዘ

የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤
ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ ብዕር ካስያዙኝ።
ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደ ተቃወመ፣
ማን አርፍዶ መጥቶ ሳያነብ እንደ ፈረመ፣
ሁሉም መዝገብ ላይ ነው፤ መዝገቡ ዕቃ ቤት፣
ቁልፉ ከማተቤ ጎን፣ እዚሁ እኔ አንገት።
አንድ ነገር ብቻ አልጻፍሁም እስካሁን፣
ያንን የሐሙሱን።

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት ላይ ነው፣ አጀንዳ ሁለት፦
«ለደብራችን አስተዳዳሪ፣ ለአለቃ ወልደ ሰንበት፣
የተቀረጸ ወንበር፣ መደገፊያው ከፋይ፣
እንግዳ ሲመጣ ይቀመጡ ከኛ በላይ።»
አቶ ሙጨ ደገፈ፤ የሻረግ ደገፈች፤
ጽፌአለሁ፦ ውሳኔዋ በሙሉ ድምፅ ጸደቀች።
አለቃ ግን ሳል ቢጤ ሳሉ፣
«ዋጋው ስንት ነው?» አሉ።
ነገርናቸው።
«ከአዛናው የዓመት ደመወዝ ይበልጣል» ብለው ዝም አሉ።
ለዝምታ መዝገባችን አምድ የለውም፤
ወንበሩ ተገዛ፤ እሳቸው አልተቀመጡም።

አዛናው ዘበኛ ነው፤ መቃብር ቆፋሪ፣ ደዋይ፣ ውሃ ቀጂ፤
ጎንደር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ቧንቧውማ ስም ነው እንጂ።
ሲጠፋ አንገረብ ወርዶ፣ ዳገቱን በጀሪካን
ይወጣዋል፣ ሳናየው፣ ሌቱ ሳይሆን ቀን።

ጸሎተ ሐሙስ መጣ፤ ጉልበት በስግደት ዝሎ፣
ጉልባኑ በየቤቱ በየድስቱ በስሎ፣
ለእግር አጠባው ዐሥራ ሁለት ሰው ተመርጦ ሳለ፣
ስሜ አለበት፤ ጸሐፊ ራሱን መቼ ዘለለ።
እናም (ይኸው፣ ልናገረው)
ሁላችንም የመጣነው ቤታችን ታጥበን ነው።
ጥፍር ተቆርጦ፣ ተረከዝ በድንጋይ ተፍቆ፣
ሙጨማ ቅባት ነክቶ፣ አዲስ ካልሲ አጥልቆ።
ያደፈ እግሩን ለአለቃ የሚዘረጋ ማነው?
ነውር ነው።

አለቃ ፎጣ ታጥቀው ከሳፋው ፊት ተንበረከኩ፤
እያንዳንዱን እግር በዝግታ፣ እንደ ሕፃን ፊት፣ ነኩ።
ስድስት አጠቡ። ሰባተኛው እኔ ነኝ።
የወይራው ቅጠል ተንሳፏል፤ ውሃው ጥርት ብሎ ፊቴን አሳየኝ።
እግሬን ይዘው አዩ፤ ሳፋውንም አዩት፤
«ጸሐፊ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «እናንተ ቤት ከጨረሳችሁት፣
እኔ ለምኑ ነው ጉልበቴን ያጠፍሁት?»

የቀሩትን አጠቡ፤ ሥርዓት አላጎደሉም።
ከዚያ ሳፋውን አንሥተው ወጡ፤ ማንንም አልጠሩም።
ዲያቆኑ ጃንጥላ ይዞ ቢሮጥ፣ በዐይናቸው መለሱት፤
ደረጃውን ውሃው እንዳይፈስ አንድ ባንድ ወረዱት።

አዛናው ከበሩ ሥር፣ ባዶ ጀሪካኖቹን ደርድሮ፣
የወንዙ ጭቃ ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንደ ካልሲ ጠጥሮ።
«ኧረ አይሆንም አባቴ!»
እግሩን በጋቢው ሸሸገ፣ የሰረቀ እጅ ይመስል።
«አምጣ እንጂ፤ ሐሙሴን አትውሰድብኝ» አሉ።
ሳሙና ያን ጊዜ ተጠራ።
ውሃው ጠቆረ፤ የአንገረብ ጭቃ፣ የመቃብር አፈር፣
ከተሰነጠቀው ተረከዝ ትንሽ ደም።
እኔ ፎጣ ይዤ ቆሜአለሁ፣ ከነንጹሕ እግሬ።
ሳሙናዋ ሳስታ፣ ሳስታ፣ እንደ ቅጠል ሆና
ከመዳፋቸው ልትጠፋ ስትል፣ አዩኝና፦
«ቅኔ ቤት ስንት ዓመት ተቀምጬ ያልፈታሁት ይህችን ነበር፤
ካላለቁ፣ አለቃ አይኮንም።»

ማታ መዝገቡን ገለጥሁ፤ ቀን ጻፍሁ፣ ቦታ ጻፍሁ፤
«የተገኙ አባላት» ከሚለው ሥር የአዛናውን ስም…
አባል አይደለም፤ ቆምሁ።
ቆለፍሁት።

ማክሰኞ ማክሰኞ ዳገቱን አብሬው እወጣለሁ፤
ሁለቴ ዐርፋለሁ፣ እሱ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ዝም እላለሁ።
ወንበሩ ዛሬም ዕቃ ቤት ላስቲኩን እንደ ለበሰ አለ፤
የሳሙና ካርቶን ነው ላዩ ላይ የተደላደለ።